ሳይሸነፍ ደረጃው የሚወርድ ተጫዋች፦ የሜዳ ቴኒስ ነጥብ እንዴት ይሰላል?

ከድሬዳዋ የደረሰው ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ከዚራ አካባቢ ቅዳሜና እሑድ ሜዳ ቴኒስ የሚጫወቱ 16 ወጣቶች አሉን፤ ከሐረር እየመጡ የሚጫወቱም አሉበት። ዓመቱን ሙሉ እያወዳደርን ደረጃ ልናወጣላቸው አስበናል። የባለሙያዎቹን ነጥብ አሰጣጥ ለመቅዳት ፈለግን፤ ግን እኛም አልገባንም። በቴሌቪዥን የምናየው ተጫዋች ሩብ ፍጻሜ ደርሶ ነጥቡ ይቀንሳል፤ ሌላው ቤቱ ተቀምጦ አንደኛ ይሆናል። አቦ፣ ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚሰላው?»

ወንድሜ፣ ግራ ያጋባህ አንድ ነገር ነው፤ እሱ ከተፈታ የቀረው መደመርና መቀነስ ነው። በእግር ኳስ ሊግ የለመድነው ነጥብ ይጠራቀማል፤ ቡድኑ የያዘው 3 ነጥብ እስከ ውድድር ዘመኑ መጨረሻ ማንም አይነካበትም። የቴኒስ ነጥብ ግን እንደ ቀፊራ ገበያ ቲማቲም ዕድሜ አለው፤ ዕድሜውም 52 ሳምንት ነው። ዘንድሮ ያገኘኸው ነጥብ ዓመት ሲሞላው ከሂሳብህ ይወጣል፤ በቦታው አዲስ ካላስገባህ ጎድሎ ይቀራል። አዲሱ ደረጃ በአብዛኛው ሰኞ ሰኞ ነው የሚወጣው፤ የሚናገረውም ያለፉትን 52 ሳምንታት ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የተሸለምከው ዋንጫ በመደርደሪያህ ላይ አለ፣ በደረጃው ላይ ግን የለም።

የጠቀስከውን ተጫዋች እንይ። ባለፈው ዓመት በ500 ደረጃ ውድድር፣ አሸናፊው 500 ነጥብ በሚወስድበት፣ ግማሽ ፍጻሜ ገብቶ 200 ነጥብ ወስዷል እንበል። ዘንድሮ እዚያው ሄዶ በሩብ ፍጻሜ ተሸነፈ፤ 100 ነጥብ ሆነለት። ሰኞ ሲመጣ አሮጌው 200 ይወጣና አዲሱ 100 ይገባል። ሳምንቱን ጥሩ ተጫውቶ፣ ሁለት ጨዋታ አሸንፎ፣ 100 ነጥብ ቀነሰበት። ባለፈው ዓመት በዚያ ሳምንት ተጎድቶ የተኛው ባላንጣው ግን የሚወጣበት ነገር ስለሌለ፣ በመጀመሪያው ጨዋታ ቢሸነፍ እንኳ ምንም አይጎድልበትም። «ነጥብ ማስጠበቅ» የሚባለው ይህ ነው። አንድ ተጫዋች በመጪው ወር ስንት ነጥብ እንደሚያስጠብቅ ሳታውቅ፣ የዛሬ ደረጃውን ብቻ አይተህ ይወጣል ወይም ይወርዳል ማለት አትችልም።

ቤቱ ተቀምጦ አንደኛ የሚሆነውም እውነት ነው። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ2025 ያኒክ ሲነር የፓሪሱን ማስተርስ አሸንፎ ኖቬምበር 3 ቀን የዓለም አንደኛ ሆነ። በሳምንቱ፣ ኖቬምበር 10 ቀን፣ ካርሎስ አልካራዝ ቦታውን መልሶ ያዘ። በመሃሉ ሲነር በማንም አልተሸነፈም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በዓመቱ መጨረሻ ስምንት ተጫዋቾች ብቻ የሚገናኙበት ኤቲፒ ፋይናልስ የሚባል ውድድር አለ። የዚህ ውድድር ያለፈ ዓመት ነጥብ የሚወጣው አዲሱ ከማለቁ በፊት ነው። ሲነር በ2024 አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ስላሸነፈ የወጣበት 1500 ነጥብ ነበር፤ አልካራዝ ግን በዚያ ውድድር ያገኘው አንድ ድል ብቻ ስለነበር የወጣበት 200 ነው።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። ወንዶቹን የሚመራው ኤቲፒ፣ ሴቶቹን የሚመራው ደብልዩቲኤ ነው፤ ከታች ያሉትን አነስተኛ የገንዘብ ሽልማት ውድድሮችና የታዳጊዎቹን ደግሞ ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን፣ አይቲኤፍ፣ ይመራል። የውድድሮቹ ስም ራሱ ዋጋቸውን ይነግርሃል፤ 1000፣ 500፣ 250 ሲባል አሸናፊው የሚወስደው ነጥብ ነው። ብዙ ሰው የሽልማት ገንዘብ ይመስለዋል፣ አይደለም። ከእነዚህ በላይ ያሉት አራቱ ግራንድ ስላሞች፣ የአውስትራሊያ ኦፕን፣ ሮላንድ ጋሮስ፣ ዊምብልደንና ዩኤስ ኦፕን፣ ለአሸናፊው 2000 ይሰጣሉ።

በግራንድ ስላም የወንዶቹ ድልድል 128 ሰው ነው። በመጀመሪያው ዙር የተሸነፈ 10፣ በሁለተኛው 50፣ በሦስተኛው 100፣ በአራተኛው 200፣ በሩብ ፍጻሜ 400፣ በግማሽ ፍጻሜ 800፣ በፍጻሜ የተሸነፈ 1300፣ ያሸነፈ 2000 ያገኛል። ይህ ከ2024 ጀምሮ የሚሠራበት ነው። ከዚያ በፊት የፍጻሜ ተሸናፊ 1200፣ የግማሽ ፍጻሜው 720፣ የሩብ ፍጻሜው 360 ነበር። ለውጡ የመሃከለኛ ዙሮችን ዋጋ ከፍ አደረገ፤ አንድ ዙር ባለፍክ ቁጥር ነጥብህ እጥፍ ይሆናል ማለት ይቻላል፤ ፍጻሜው ላይ ብቻ ዕድገቱ ቀዝቀዝ ይላል። ይህን ቅርጽ ልብ በለው፣ ኋላ ለእናንተ ሰንጠረዥ ያስፈልገናል።

የሴቶቹ ትንሽ ይለያል፦ 10፣ 70፣ 130፣ 240፣ 430፣ 780፣ 1300፣ 2000። ከወንዶቹ ጋር ስታስተያየው የመጀመሪያዎቹ ዙሮች የበለጠ ይከፍላሉ፤ ግማሽ ፍጻሜው ግን በ20 ያንሳል። ስለዚህ የወንዶችን ሰንጠረዥ ይዘህ የሴት ተጫዋች ነጥብ ብታሰላ አይገጥምልህም። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ።

በወንዶች 1000 ውድድር፣ ማስተርስ በሚባለው፣ 96 ሰው በሚጫወትበት ትልቁ ድልድል፣ አሸናፊው 1000፣ የፍጻሜ ተሸናፊው 650፣ ግማሽ ፍጻሜ 400፣ ሩብ ፍጻሜ 200፣ 16ቱ ውስጥ የገባ 100፣ 32ቱ ውስጥ 50፣ 64ቱ ውስጥ 30፣ በመጀመሪያው ዙር የወደቀ 10። በ500 ደረጃ 500፣ 330፣ 200፣ 100፣ 50። በ250 ደረጃ 250፣ 165፣ 100፣ 50፣ 25፤ በመጀመሪያው ጨዋታ የተሸነፈ ዜሮ ነው። ከዚያ በታች ቻሌንጀር የሚባሉት አሉ፤ ከ50 እስከ 175 ለአሸናፊው ይሰጣሉ። ከሁሉ በታች የአይቲኤፍ ኤም 25 እና ኤም 15 ናቸው። በኤም 15 አሸናፊው 15፣ የፍጻሜ ተሸናፊ 8፣ ግማሽ ፍጻሜ 4፣ ሩብ ፍጻሜ 2፣ አንድ ጨዋታ ያሸነፈ 1 ነጥብ ያገኛል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በኤም 15 አራት ጨዋታ አሸንፎ ለፍጻሜ የደረሰ ልጅ 8 ነጥብ ይዞ ሲመለስ፣ በዊምብልደን አንድ ሰዓት ተጫውቶ በመጀመሪያው ዙር የወደቀው 10 ይዞ ይሄዳል። ኢፍትሐዊ ሊመስልህ ይችላል። ግን ዊምብልደን በር ላይ ለመድረስ ብቻ ደረጃህ 100 አካባቢ መሆን አለበት፤ ከ128ቱ ቦታ በደረጃ በቀጥታ የሚሞላው 104 ነው፣ 16ቱ ከማጣሪያ፣ 8ቱ በአዘጋጁ ግብዣ፣ ዋይልድ ካርድ በሚሉት፣ ይገባሉ። 10 ነጥቡ ለዚያ የቀደመ ድካም ነው። ሥርዓቱ የሚከፍለው ስንት ጊዜ እንዳሸነፍክ ብቻ ሳይሆን ማን ባለበት ሜዳ እንዳሸነፍክ አይቶ ነው፤ ለእኔ ትክክለኛ ነው።

ሁለተኛው ቁልፍ፣ ያገኘኸው ሁሉ አይቆጠርልህም። በ2025 ደንብ የወንዶቹ ደረጃ በ19 ውድድር ነበር የሚሰላው፦ አራቱ ግራንድ ስላም፣ ግዴታ የሆኑ ስምንት ማስተርስ 1000፣ ከቀሩት ደግሞ የተሻሉት ሰባት። ከዘጠኙ ማስተርስ ግዴታ ያልሆነው የሞንቴ ካርሎ ነው። ለፋይናልስ ለበቁት ስምንቱ እሱ 20ኛ ሆኖ ይጨመርላቸው ነበር። በሴቶቹ ከ2024 ጀምሮ 18 ውድድር ይቆጠራል።

ከዚህ ሁለት ውጤት ይወለዳል። አንደኛው፣ ደረጃው ለአንድ ግዴታ ውድድር የሚያበቃው ተጫዋች ቢቀር፣ በዚያ ቦታ ዜሮ ይጻፍበታል፤ ያንን ዜሮ በሌላ ውጤት መሸፈን አይችልም። ሁለተኛው፣ ተመልካቹን የሚያሳስተው፣ አንድ ውድድር ያሸነፈ ሰው የውድድሩን ሙሉ ነጥብ ይጨምራል ማለት አይደለም። የተሻሉት ውጤቶች የሚቆጠሩባቸው ቦታዎቹ ሞልተው ዝቅተኛው 50 ከሆነ፣ 250 ሲያሸንፍ 50ው ይወጣና የሚጨምረው 200 ይሆናል። ከላይ ያለ ተጫዋች በትንሽ ውድድር ሩብ ፍጻሜ ደርሶ ምንም ሳይጨምር የሚመለሰውም ለዚህ ነው፤ ያገኘው 50 ከተቆጠሩለት ከአንዱም አይበልጥም።

በስልክህ «ላይቭ» የሚል ደረጃ የምታይ ከሆነ፣ እሱ ይህንን መተካካት በየጨዋታው እያሰላ የሚያሳይ ግምት ነው። ኦፊሴላዊው የሚወጣው ውድድሩ አልቆ ነው። ከጃንዋሪ ጀምሮ ሁሉም ከዜሮ የሚነሳበት «ሬስ» የሚባል ሌላ ሰንጠረዥም አለ፤ ለዓመቱ መዝጊያ ውድድር ማን እንደሚያልፍ ይለያል። በዚያ ነጥብ ይደመራል እንጂ በዓመቱ መሃል አያረጅም። ሁለቱን ማምታታት ከተለመዱት ስህተቶች ዋናው ነው።

ከማጣሪያ የመጣ ተጫዋች የማጣሪያ ነጥቡ በዋናው ድልድል ላይ ይደመርለታል። በወንዶች ግራንድ ስላም ሦስቱን የማጣሪያ ዙር ያለፈ 30፣ በሴቶች 40 ይይዛል። ኤማ ራዱካኑ በ2021 ዩኤስ ኦፕንን ከማጣሪያ ተነስታ ስታሸንፍ ያገኘችው 2040 ነበር፤ ከ150ኛ ወደ 23ኛ ዘለለች። ዝላዩ ይህን ያህል የሆነው ደግሞ ቀድሞ የያዘችው ትንሽ ስለነበረ፣ በዚያ ሳምንትም የምታስጠብቀው ስላልነበራት ነው።

ያለ ጨዋታ የሚታለፍ ዙር ላይ ጠንቀቅ በል። በ96 ሰው ድልድል 32ቱ ሲዶች፣ ማለትም በደረጃቸው ተለይተው የሚመደቡት፣ የመጀመሪያውን ዙር ሳይጫወቱ ያልፋሉ። ከዚያ በሁለተኛው ዙር ቢሸነፉ የሚያገኙት የሁለተኛ ዙር 30 ሳይሆን የመጀመሪያ ዙር 10 ነው። በ250 ውድድር እንደዚሁ ያለፈ ሲድ የመጀመሪያ ጨዋታውን ቢሸነፍ ዜሮ ይወስዳል። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ነጥብ ለማግኘት ማሸነፍ አለብህ፣ ዙር መዝለል ድል አይደለም። ተጋጣሚው በፎርፌ የቀረለት ግን ያልፋል፣ ለደረሰበት ዙር ያለውን ነጥብም ይወስዳል። ጨዋታ ተጀምሮ ተጋጣሚው ጉዳት ደርሶበት ቢያቆምም ድሉ ሙሉ ነው።

ነጥብ የማይሰጡ ትልልቅ ውድድሮችም አሉ። ኦሊምፒክ ከሪዮ 2016 ጀምሮ አይሰጥም፤ ኖቫክ ጆኮቪች በፓሪስ 2024 ወርቅ ሲያገኝ በደረጃው ላይ አንድ ነጥብ አልተጨመረለትም። የአገሮች የቡድን ውድድር የሆነው ዴቪስ ካፕ ከ2009 እስከ 2015 ሰጥቶ ነበር፣ ቀረ። ለዘመኑ ሁሉ የሚጠቀሰው ግን የ2022 ዊምብልደን ነው። አዘጋጆቹ የሩሲያና የቤላሩስ ተጫዋቾችን ሲያግዱ፣ ኤቲፒና ደብልዩቲኤ ውድድሩ ነጥብ እንዳይኖረው ወሰኑ። የ2021 ነጥብ ግን ጊዜው ደርሶ ወጣ። ጆኮቪች ዋንጫውን እንደገና አነሳና የቀደመ 2000ው ጠፍቶበት ከ3ኛ ወደ 7ኛ ወረደ። በሴቶቹ ያሸነፈችው ኤሌና ሪባኪና 23ኛ እንደሆነች ቀረች። አሸንፎ መውረድ የሚባለው ነገር ከዚህ በላይ ግልጽ ሆኖ አያውቅም።

ለጉዳተኞች የሚሆን መፍትሔም አለ። ቢያንስ ስድስት ወር ከሜዳ የራቀ የኤቲፒ ተጫዋች «የተጠበቀ ደረጃ» መጠየቅ ይችላል፤ የሚሰላው ከተጎዳ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሦስት ወራት የነበረው አማካይ ደረጃ ተወስዶ ነው። ይህ ወደ ውድድር መግቢያ ብቻ ነው። ነጥብ አይሰጠውም፣ ሲድም አያደርገውም። ስለዚህ የቀድሞ አሥረኛ ተጫዋች ተመልሶ በመጀመሪያው ዙር ከአንደኛው ጋር ሊገጥም ይችላል።

ታሪኩን ባጭሩ ላንሳው፣ የእናንተን ሰንጠረዥ ስለሚነካ። የኤቲፒ ደረጃ ኦገስት 23 ቀን 1973 ተጀመረ፤ የመጀመሪያው አንደኛ ሩማንያዊው ኢሊዬ ናስታሴ ነበር። ከዚያ በፊት ማን ይግባ ማን ይቅር የሚወስነው የውድድሩ አዘጋጅ ነበር። መጀመሪያ ላይ ነጥቡ በተጫወቱት ውድድር ብዛት እየተካፈለ አማካይ ይወጣ ነበር። የዚህ ችግር ምን እንደሆነ አስበው፦ ጥሩ አማካይ ያለው ሰው ባይጫወት ይሻለዋል፤ እያንዳንዱ ሽንፈት አማካዩን ያወርድበታል። በ1990 «የተሻሉት ይቆጠሩ» ወደሚለው ተሸጋገሩ፤ ሥርዓቱ መጥፎ ሳምንት ያሳለፈን ተጫዋች ስለተጫወተ ብቻ የማይቀጣ ሆነ። በ2009 ደግሞ የግራንድ ስላሙ አሸናፊ ነጥብ ከ1000 ወደ 2000 ከፍ አለ። የ1990ዎቹን ተጫዋች ጠቅላላ ነጥብ ከዛሬው ጋር አስተያይቶ ማን ይበልጣል ማለት ውኃ የማያነሳ ንጽጽር የሆነውም ለዚህ ነው።

እናንተም አማካይ አትጠቀሙ። እስከማውቀው በአነስተኛ ክበቦች ዘንድ ደረጃ የሚበላሸው በዚህ ነው፤ አንደኛ የወጣው ልጅ ቦታውን ላለማጣት መጫወት ያቆማል።

ለ16 ልጆች የሚስማማው እንዲህ ነው። በዓመት 12 ውድድር ብታደርጉ ሁለቱን ትልቅ፣ አራቱን መካከለኛ፣ ስድስቱን ትንሽ በሏቸው። የባለሙያዎቹን ለ10 ብታካፍል ትልቁ 200፣ 130፣ 80፣ 40፤ መካከለኛው 100፣ 65፣ 40፣ 20፤ ትንሹ 50፣ 33፣ 20፣ 10 ይሆናል። ቅደም ተከተሉ አሸናፊ፣ የፍጻሜ ተሸናፊ፣ ግማሽ ፍጻሜ፣ ሩብ ፍጻሜ ነው። ወጥመዱ ያለው ቀጥሎ ነው። ግራንድ ስላም ላይ 16ቱ ውስጥ የገባ 200 ስለሚያገኝ፣ ለ10 ሲካፈል 20 ይሆናል ብላችሁ በመጀመሪያ ጨዋታው ለተሸነፈው ልጅ 20 እንዳትሰጡ። እዚያ 16ቱ ውስጥ ለመግባት ሦስት ጨዋታ ማሸነፍ ይጠይቃል፤ እናንተ ዘንድ 16ቱ ውስጥ ሁሉም ነው። ስምንት ትልልቅ ውድድር ቢኖራችሁና አንድ ልጅ ስምንቱንም መጥቶ ስምንቱንም በመጀመሪያ ጨዋታ ቢሸነፍ 160 ይይዛል፤ ሁለት ጊዜ ብቻ መጥቶ ሁለቱንም ግማሽ ፍጻሜ የገባውም 160። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጨዋታ ተሸናፊ በትልቁ 2፣ በሌሎቹ 1 ነጥብ ይበቃል። መምጣቱ ይታወቅለታል፣ ድል ግን አይተካም።

ከ12ቱ 8 ይቆጠሩ፦ ሁለቱ ትልልቆቹ ግዴታ፣ ከቀሩት አሥር ደግሞ የተሻሉት ስድስት። ከፍተኛው ሊገኝ የሚችለው 900 ነው። ሁሉም ይቆጠር ካላችሁ ፈተና ያለበት ተማሪ፣ ረመዳን የሚጾም፣ የትንሣኤ በዓል ከቤተሰቡ ጋር ገጠር የሚሄድ ልጅ ያለ ጥፋቱ ይቀጣል። ድሬ ላይ ደግሞ እነዚህ ሁሉ በአንድ ሜዳ ላይ አሉ።

የአንድ ልጅ ሂሳብ እንሥራ። በትልልቆቹ 130 እና 40 አለው። በሌሎቹ 65፣ 40፣ 33፣ 20፣ 20፣ 10፣ 10 እና 1 አግኝቷል። ከእነዚህ የሚቆጠሩት ስድስቱ ድምራቸው 188 ነው፤ ከ170ው ጋር 358። ቀጥሎ አንድ ትንሽ ውድድር አሸንፎ 50 አገኘ። 408 አይሆንም፤ ከስድስቱ ዝቅተኛው 10 ወጥቶ 398 ይሆናል። በሚቀጥለው ሳምንት የ33ቱ ዕድሜ አለቀ። አሁንም 365 አይሆንም፤ ተቀምጦ የነበረው 10 ተመልሶ ይገባና 375 ይሆናል። ስለዚህ ደብተሩ ላይ፣ ወይም ኤክሴል ከሆነ በዚያው፣ የማይቆጠረውን ውጤት አትሰርዙ። ቀኑን፣ የውድድሩን ደረጃ፣ ነጥቡንና የሚያልቅበትን ሳምንት በየመስመሩ ጻፉ። የሚቆጠሩትን ምረጡ እንጂ ሌላውን አታጥፉ፤ ነገ ይፈለጋል።

ድልድሉን አርብ ማታ አውጡ፤ ከሐረር 55 ኪሎ ሜትር ያህል የሚመጡት ልጆች የሚጫወቱበትን ሰዓት አውቀው እንዲነሱ፣ የድሬ ልጆች ደግሞ ፀሐዩ ሳይበረታ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እንዲጀምሩ። አራት ሲድ ይበቃል፤ አንደኛው ከላይ ጫፍ፣ ሁለተኛው ከታች ጫፍ፣ ሦስተኛና አራተኛው በዕጣ በሁለቱ ግማሾች። የመጡት 13 ብቻ ከሆኑ ሦስቱ ከፍተኛ ሲዶች ያለ ጨዋታ ይለፉ። ከእነሱ መካከል በመጀመሪያ ጨዋታው የተሸነፈ፣ እንደ ኤቲፒው፣ የመጀመሪያ ዙር ነጥብ ብቻ ይውሰድ። ይህን ሳትጽፉ ከጀመራችሁ ጠቡ የሚነሳው እዚህ ነው።

ድልድል ከወጣ በኋላ ያለ ምክንያት የቀረ ልጅ ዜሮ ይጻፍበት፣ ያ ዜሮም ከስምንቱ አንዱ ሆኖ ይቆጠር። ከድልድል በፊት ያሳወቀ አይቀጣ፣ ተጠባባቂ ይግባለት። ሕመም ይዞት ወይም ሙቀቱ አሸንፎት መሃል ላይ ያቆመን ግን በምንም መልኩ አትቅጡ፤ የደረሰበትን ዙር ነጥብ ስጡት። ነጥብ እንዳይቀንስበት ፈርቶ በድሬ ፀሐይ ራሱን የሚጎዳ ልጅ እንዲኖር አትፍቀዱ።

ሁለት ልጆች እኩል ነጥብ ሲኖራቸው ኤቲፒ መጀመሪያ የሚያየው ከትልልቆቹ ውድድሮች ማን የበለጠ እንዳገኘ ነው፤ ቀጥሎ ባነሰ ውድድር ያገኘውን ያስቀድማል፤ ከዚያ በአንድ ውድድር የተገኘውን ከፍተኛ ነጥብ ያያል። ለእናንተም እንዳለ ይሠራል።

የመጀመሪያው ዓመት ላይ ሁሉም ዜሮ ስለሆነ ሲድ አይኖርም፤ ድልድሉን በዕጣ አውጡ። አራት ውድድር ሳይካሄድ ደረጃ አትለጥፉ፤ አንድ መልካም ቅዳሜ ያገኘ ልጅ አንደኛ ተብሎ ከተለጠፈ በኋላ ማውረዱ ያስቸግራል። ነጥብ ማርጀት የሚጀምረው በሁለተኛው ዓመት ነው። የኤቲፒ ሰዎችንም የሚያስቸግረው የቀን ለውጥ የሚገጥማችሁ ያኔ ነው። ዕድሜውን በወር ከቆጠራችሁ ጳጉሜን ላይ ትሳሳታላችሁ፤ በውድድር ስም ከቆጠራችሁ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ለምሳሌ በኢድ ማግስት የምታደርጉት ውድድር ቢኖር፣ ኢድ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ስለሚመጣ፣ የዘንድሮው 52 ሳምንት ሳይሞላ ይደርሳል። ያኔ ያለፈው ዓመት አሸናፊ ዘንድሮም ቢያሸንፍ፣ የአንዱን ውድድር ሁለት ዋንጫ ለአንድ ሁለት ሳምንት አብሮ ይቆጥራል። ደንባችሁ ላይ «አዲሱ ውድድር ሲጠናቀቅ ወይም 52 ሳምንት ሲሞላ፣ ቀድሞ በደረሰው፣ የቀድሞው ነጥብ ይወጣል» ብላችሁ ጻፉ።

ከልጆቻችሁ መካከል ዕድሜው 13 የሞላው ካለና ከፍ ብሎ መሞከር ከፈለገ፣ በሩ የአይቲኤፍ የታዳጊዎች ውድድር ነው። አይፒን የሚባለውን መለያ ማውጣት ይቀድማል። ዝቅተኛው ደረጃ ጄ 30 ነው፤ 30፣ 18፣ 9፣ 5 እና 2 ነጥብ ይሰጣል። እዚያ የሚቆጠሩለት የተሻሉት ስድስት የነጠላ ውጤቶቹና የተሻሉት ስድስት የጥንድ ውጤቶቹ ናቸው፤ ጥንዱ በሩብ ዋጋው ይገባል። ስለዚህ ከሄደ ጥንድ ሳይጫወት አይመለስ፤ እኩዮቹ ከሚበልጡት ነጥብ ከፊሉ ከዚያ የሚመጣ ነው። የታዳጊ ነጥብ ወደ አዋቂዎቹ ደረጃ አይዛወርም። ወንድ ልጅ ስሙ በኤቲፒ ሰንጠረዥ ላይ እንዲሰፍር 1 ነጥብ ይበቃል፤ ሴት ልጅ ግን በደብልዩቲኤ ሰንጠረዥ የምትገባው በሦስት ውድድር ነጥብ ካገኘች ወይም በጠቅላላው 10 ነጥብ ከሞላች ነው።